አንድ ማህደር ለሁለት ሽጉጥ

እኔ ስለ ሽጉጥ የማውቀው ከፊልም ነው። ፊልም ላይ ደግሞ ሽጉጥ ሱሪ ውስጥ ይሻጣል እንጂ ማህደር የሚባል ነገር ያለው አይመስልም። ስለዚህ አጎቴ «አንቺ መርካቶን ታውቂያለሽ፣ ጎበዝ ቆዳ ሰፊ ፈልጊልኝ» ሲለኝ ቀበቶ ሊያሠራ መስሎኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ጥበቃ ነው። ሽጉጡ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ተራው ሲደርስ ይረከባል፣ ሲወጣ ያስረክባል። አንድ ቀን ማካሮቭ ይደርሰዋል፣ ሌላ ቀን ብራውኒንግ። ማህደሩ ግን አንድ ነው፤ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የተገዛ ልፍስፍስ ጨርቅ። ባለፈው ወር ገንዘብ አጅቦ ከመኪና ሲወርድ ማካሮቩ ሾልኮ አስፋልት ላይ ወደቀ። አልባረቀም፣ እግዜር ይመስገን። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ግን ደረሰው። ሁለተኛ ከወደቀ እንጀራውም አብሮ ይወድቃል፤ ሁለት ተማሪ ልጆች አሉት።

ሽጉጡን ይዞ ሰፊ ጋ መሄድ አይታሰብም። (በ2012 ዓ.ም የወጣው የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177 ባይኖርም አይታሰብም።) ስለዚህ አጎቴ የሁለቱንም ቅርጽ ካርቶን ላይ አሰመረ፣ ውፍረታቸውን ለካ፣ የሰፈር አናጢ ከእንጨት ጠረበልን። እኔም ሁለት የእንጨት ሽጉጥ በቦርሳ ይዤ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ! በምኒልክ የጦር ሚኒስትር ስም የሚጠራ ድልድይ ነው፤ የፈረስ ስማቸው አባ መላ። መላ ፍለጋ ወጥቼ የለ?

ድልድዩ ጋ ፍተሻ ገጠመኝ። ፖሊሱ ቦርሳዬ ውስጥ እጁን ሰድዶ እጀታውን ሲጨብጥ ፊቱ ተለወጠ። «እህቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?» «ሽጉጥ… ማለቴ እንጨት!» አልኩ። በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ አየው። ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው፣ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን ላቤ ጀርባዬ ላይ ይወርድ ነበር።

ሰፊው ሸበቶ አባት ናቸው። ሁለቱን እንጨቶች ጎን ለጎን አስተኙ። ማካሮቭ ርዝመቱ 16 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ብራውኒንግ ወደ 20። «ርዝመቱ አያሳስብም ልጄ» አሉኝ፤ «ታችኛውን ጫፍ ክፍት እተወዋለሁ፣ አፈሙዙ ይወጣል። ጣጣው ውፍረቱና ቃታው ነው።» ቃታው በጠንካራ ቆዳ ሙሉ በሙሉ ካልተሸፈነ ጣት ወይም የጃኬት ገመድ ይገባበታል። ልፍስፍስ ከሆነ ደግሞ ቆዳው ራሱ ታጥፎ ይገባና ሲመልሱት ቃታ ይስባል። ይሄን ስሰማ የአጎቴ ጨርቅ ትዝ አለኝ፤ መውደቁ ትንሹ ችግር ነበር ለካ!

ቆዳውን ውሃ ነክረው በብራውኒንጉ ላይ ቀረጹት። ከላይ ማሰሪያ አደረጉለት፤ እንደ ቀበቶ ቀዳዳ ያለው፣ የሚጠብቅና የሚላላ። በሌላ ቀን ስመለስ ደርቆ እንደ እንጨት ጠንክሯል። ሙከራ! ብራውኒንጉን ከተው፣ ዘቅዝቀው አራገፉት። ንቅንቅ የለም። ማካሮቩን ሲከቱ ግን፣ ማሰሪያው ጠብቆም ቢሆን፣ ጎንና ጎኑ ይንቀጫቀጫል። «እሱም እኮ አልወደቀም» አልኳቸው፤ ገንዘቤን እያሰብኩ።

ዝም ብለው መዶሻ አንስተው እንጨቱ ላይ በሲባጎ አንጠለጠሉበት። እውነተኛው ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፣ እንጨት ምን ክብደት አለው! እንደገና ዘቀዘቁት። ማካሮቩ መዶሻውን አስከትሎ ጫማዬ አጠገብ ዱብ አለ።

ለአጎቴ ደወልኩለት። ትንሽ ዝም አለና «ሁለት አሠሪ» አለኝ። የአንዱን ዋጋ ብቻ ነበር የያዝኩት፤ ቀሪውን ሲቀበሉ እንዲከፈላቸው ተስማማን። ሰፊው እንጨቶቹን «ለሌላ ደንበኛ ይሆኑኛል» ብለው ለመኑኝ። ሳላቅማማ ሰጠኋቸው፤ በዚያ ፍተሻ በኩል መመለስ ነበረብኛ!