ለማን ብሎ ነው የሚነሳው?

ቡና ሲቆላ በሸተተኝ ቁጥር ሬድ ሃት ሊኑክስ 6.2 ትዝ ይለኛል። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ የሰርቨር ክፍል ቡና ከሚፈላበት ክፍል የሚለየው በአንዲት ስስ ኮምፔንሳቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ጭሱ በስንጥቋ ሾልኮ ይገባና ከሞኒተሩ የጋለ አቧራ ሽታ ጋር ይደባለቃል። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ጢጥ ጢጥ ይላል፤ እኛም ሰርቨሩን በወጉ ለማጥፋት እንሮጣለን።

ያኔ ሰርቨር ሲነሳ ቁጭ ብለህ ታየዋለህ። የአገልግሎቶቹ ስም ተራ በተራ ይወጣል፤ በቀኝ በኩል አረንጓዴ «ኦኬ» ይጻፍላቸዋል። ሴንድሜይል ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። የማሽኑ ስም በኔትዎርኩ ላይ ካልተገኘ እሱን ሲፈልግ ይቆያል። እኔ ተበላሸ ብዬ ልቤ ይደልቃል። «ይመጣል፣ ጠብቀው» ይሉኛል ጋሼ፣ የራሳቸውን ስኒ ወደ እኔ እያስጠጉ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ወንበራቸውን ሳብ አድርገው የአይኔትዲን ፋይል ከፈቱልኝ። አይኔትዲ እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ በ23 ቁጥር በር ሰው ሲመጣ ቴልኔትን፣ በ21 ሲመጣ ኤፍቲፒን ይቀሰቅሳል። እያንዳንዱ አገልግሎት በፋይሉ ውስጥ አንድ መስመር አለው። ጋሼ ጣታቸውን ፊንገር ላይ አሳረፉ። ማሽኑ ላይ ማን እንዳለ ለጠየቀው ሁሉ የሚናገረው እሱ ነው።

«ይሄ ለማን ብሎ ነው የሚነሳው?»

መልስ አልነበረኝም።

«እንግዲያው ይተኛ» አሉና ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ከመስመሩ ፊት መሰላሏን (#) ጻፍኩ። ኤፍቲፒንም እንዲሁ አስተኛነው። ማሽኑ ሲነሳ በራሳቸው የሚነሱትን ደግሞ በኤንቲሲስቪ ሰማያዊ ገጽ ላይ ኮከባቸውን እያጠፋን ወረድን፤ ስታትዲ የተባለው አገልግሎትም እዚያው ተኛ።

በፈረንጆቹ ጥር 2001 ራመን የተባለው ትል 6.2ንና 7.0ን እያደነ ተነሳ። በ6.2 መግቢያው ያልተጠገኑት ኤፍቲፒና ስታትዲ ነበሩ። የእኛዎቹ ተኝተዋል። ጋሼ «አላልኩህም?» አላሉኝም፤ ቡና አስመጡልኝ።

ዛሬ ሲስተምሲቲኤል ብለህ በአንድ ትእዛዝ ማስነሳትም መከልከልም ትችላለህ። ብዙዎቹ አገልግሎቶችም ከመጀመሪያው ዝግ ሆነው ይመጣሉ። የተሻለ ነው፤ ይሄን ከልቤ ነው የምለው። ብቻ ማሽኑ ስሞቹን ሳታነብለት ብድግ ይላል፤ አጠገብህ ወንበር ስቦ የሚቀመጥ ሰውም ብዙ ጊዜ የለም።

ጋሼ፣ ይሄን ካነበቡት፣ የ6.2 ሲዲዎ አሁንም እኔ ዘንድ አለ።