ፓውዛው በራ፣ ፍሬኑ እምቢ አለ

እናንተዬ፣ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? እኔ ልንገራችሁ፤ ቸርኬውን ነበር ያየሁት። ከዚያ ቀለሙን። ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ የራሴን መልክ! ፍሬኑን ያየሁት ከአራት ወር በኋላ እንጦጦ ቁልቁለት ላይ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ለማየት ትንሽ ዘግይቼ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. ነው። እኔና እጮኛዬ (ዛሬ ሚስቴ ናት፤ እንዴት ሚስቴ ልትሆን እንደበቃች እደርስበታለሁ) ለአራት ዓመት ቆጥበናል። ከብሩ ሲሶው የእሷ እቁብ ነው። ቤታችን ሊሆን የታሰበው በአያት በኩል ስለሆነ፣ ክረምት ሲገባ ጭቃና ጉድጓዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቪትስ ሆዷን እየጋጠች ነው የምትሄደው። ላንድክሩዘርን ደግሞ በሕልም ካልሆነ አንነካውም። ስለዚህ መሐል ላይ ያለችውን፣ ከፍ ብላ ብዙም ያልገዘፈችውን እንፈልግ ተባባልን። ራቭ ፎር ወይም ቪታራ።

እዚህ ላይ ያን ጊዜ ባውቀው ኖሮ የምለውን ነገር ላስቀድምላችሁ። ሁለቱ አንድ ዓይነት መኪና የሚመስሏችሁ ብዙ ናችሁ። አይደሉም። የድሮዋ ቪታራ እንደ ጭነት መኪና በሻንሲ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ባለ አራት ጎማዋ ለአቀበትና ለጭቃ የሚሆን ተጨማሪ የኃይል ማርሽ አላት። ገጠር ለሚመላለስ ሰው እሷ ትሻላለች፤ አስፋልት ላይ ግን ታንገጫግጫለች። ራቭ ፎር በ1994 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ጀምሮ እንደ ቤት አውቶሞቢል ነው የተሠራችው። ለስለስ ትላለች፣ የኃይል ማርሽ ግን የላትም። ደግሞ ራቭ ፎር ሁሉ አራቱም ጎማ የሚነዳ አይምሰላችሁ፤ የፊት ሁለቱ ብቻ የሚነዱም አሉ። ደላላው "ፎር ዊል ናት" ሲላችሁ ጎንበስ ብላችሁ ወደ ኋላ የሚሄደውን ረጅም ዘንግ ፈልጉ። ከሌለ፣ የለም።

እኔ የቱንም አላየሁም። ደላላው አንድ እሑድ ጠዋት ደወለልኝ። "ወንድሜ፣ ያንተ ዕቃ ተገኘች፣ በሰዓታት ውስጥ ትሸጣለች።" ሄድኩ። ብርማ፣ የ2002 እ.ኤ.አ. ራቭ ፎር፣ ማኑዋል። ግቢ ውስጥ ሞተሯ ተነስቶ እየጠበቀችኝ ነው። ምን ያህል አክባሪ ሰዎች ናቸው አልኩ! ኋላ አንድ መካኒክ ሲስቅብኝ ነው የገባኝ። የሞቀ ሞተር ጉድ አይናገርም። መኪና መታየት ያለባት በጠዋት፣ ሞተሯ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነው። ያን ጊዜ ስትነሳ ትናገራለች። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት እየበላች ነው፤ ነጭ ሆኖ አልቋረጥ ካለ ደግሞ የቴስታታውን ጋርኒሲዮን ጠርጥሩ። የዘይቱን ክዳን ከፍታችሁ የወተት ሻይ የመሰለ ነገር ካያችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ ውጡ።

ትንሽ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙ። ላሜራው ላይ ጠብ ካላለ ከሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው፤ ስቱኮ ካለ ደግሞ አንድ ቀን ግጭት ነበረ። ኪሎ ሜትሩን አትመኑ፣ ይመለሳልና። የፔዳሎቹን ጎማና የመሪውን ቆዳ እዩ። ሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር መኪናዋ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለባትም ሳታረጋግጡ ቀብድ አትስጡ። ደላላው ይቸኩላል፤ እሱማ ሁለት በመቶው ናት የምታስቸኩለው።

በነገራችን ላይ የኔዋ መጥፎ መኪና አልነበረችም። ይህን መናገር አለብኝ። ሞተሯ ደህና ነበር። ጥፋቱ የመጣው ከኔ ነው።

ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ገዝቼ ሳምንት ሳይሞላኝ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። አንድ ጓደኛዬ አለ፣ መኪና የለውም ግን ስለ መኪና ሁሉን ያውቃል (እንዲህ ያለ ጓደኛ የሌለው ሰው የታደለ ነው)። "ይቺ ልጅ እኮ እንዲሁ ራቁቷን አትሄድም" አለኝ። በቃ፣ ማልበስ ጀመርን። ከፊት ወፍራም የብረት መከላከያ። እላዩ ላይ አራት ፓውዛ። ጣሪያው ላይ ፖርቶ መጋላ። የወንበር ልብስ፣ የሚያንቀጠቅጥ ሙዚቃ። ከሁሉ በላይ ግን ቸርኬና ጎማው! ለመኪናዋ የተጻፈላት ጎማ 215/70 አር 16 ነው፤ እኔ 235/75 አስገባሁላት። ቆማ ስትታይ አንበሳ!

ጌጡ ሁሉ ተደምሮ ወደ 70 ሺህ ብር ፈጀ። ለእጮኛዬ የነገርኳት 20 ሺህ ነው።

እሷ መኪና አታውቅም ብዬ ነው የማስበው። ግን አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣ ዝም ብላ ስታዳምጥ ቆየችና "ፍሬን ስትይዝ የሚጮኸው ምንድነው? አሳየኸው ወይ?" አለችኝ። "አዎ፣ አሳይቼዋለሁ፣ አቧራ ነው" አልኳት። አላሳየሁትም ነበር። ለፍሬን የሚወጣ ብር ለማንም አይታይም፤ ፓውዛ ግን ከመገናኛ እስከ ሃያ ሁለት ይታያል።

ስለዚያ ጎማ ትንሽ ልበላችሁ፣ ዛሬም ብዙ ወጣት ሲያደርገው አያለሁና። ሒሳቡን ሠርታችሁ እዩት፤ የኔው አዲሱ ጎማ ከድሮው ሰባት በመቶ ያህል በቁመት ይበልጣል። የፍጥነት መቁጠሪያው 100 ሲል እኔ 107 እየሄድኩ ነው ማለት ነው። መሪ ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን ይፋቃል። ሞተሩ ለማንቀሳቀስ ይደክማል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ አየሩ ስስ በመሆኑ ብቻ ተራ የቤንዚን ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ቀድሞውንም አጥቷል። ፍሬኑም ያንን ከባድ ጎማ ነው ማቆም ያለበት። ኋላ በር ላይ የሚንጠለጠለው ስኮርት ጎማም ሲከብድ በሩን ያዘምመዋል። የብረት መከላከያው ሌላው ጉድ ነው። በግጭት ጊዜ ኤር ባጉ መከፈት ያለበትን ሰዓት ሊያዛባ ይችላል፣ እግረኛ ሲመታ ደግሞ አይምርም።

አሁን ወደ እንጦጦ።

የእጮኛዬ እናት ለእንጦጦ ማርያም ስለት ነበረባቸው፤ ጃንጥላ። "በልጄ መኪና ነው የምሄደው" አሉ። ልጄ ያሉት እኔን ነው። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። እሳቸውን ከፊት፣ እሷንና አክስቷን ከኋላ አስቀምጬ፣ ሙዚቃውን ቀንሼ ወጣን። ተሳልመን፣ ጠበል ጠጥተን፣ ረፈድ ሲል መውረድ ጀመርን።

እንግዲህ ቁልቁለት ላይ ቤንዚን ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ የምታደርጉ ካላችሁ ስሙኝ። እኔ እንደዚያ ነበር የማደርገው። መኪናዋ በክብደቷ ትንደረደራለች፣ እኔ በፍሬን ብቻ እይዛታለሁ። ፍሬኑ እየጋለ ነው። ሸራው አልቋል። የፍሬን ዘይቱ ደግሞ ማን ያውቃል ከመቼ ጀምሮ እንዳልተቀየረ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፣ ውኃ ሲጠጣ ግን 140 ላይ ይፈላል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ስትጫኑት ይጨማደዳል እንጂ አይገፋም። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ፤ አንዱን ኩርባ እንደዞርኩ እግሬን ስጭን ፔዳሉ እንደ ቅቤ ወለሉ ድረስ ወረደ።

ከፊቴ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች። ሦስት። ጀርባቸው ጎብጦ፣ የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ መንገዱን ግማሽ ይዞ። ዞር ብለው ሊያዩኝ እንኳ አይችሉም።

ጥሩምባውን ነካሁ፣ አልተነኩም። ደጋግሜ ፔዳሉን ረገጥኩ፤ ትንሽ ያዘልኝ፣ ደግሞ ለቀቀ። ማርሹን ወደ ሦስተኛ፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛ ስወረውር ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ወደ ፊት ተንገጫገጨች። የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብኩ። አክስትየው "ማርያም! ማርያም!" ይላሉ። መሪውን ወደ ተራራው በኩል አዞርኩና ግራ ጎኗ ቦዩ ውስጥ ገብቶ፣ የብረት መከላከያው አፈሩን ቆፍሮ ቆመች። ሴቶቹ እስከ እኛ ዘጠኝና አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። አንዷ እንደ ምንም ዞራ አየችንና መንገዷን ቀጠለች።

ማንም አልተጎዳም። አራቱም ፓውዛ በርቷል፤ በድንጋጤ ምን እንደነካሁ እንጃ።

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱና የመኪናዋን ፊት ቆመው አዩት። ቆይተው "ልጄ፣ ይቺ መኪና ዓይኗ ብቻ ነው እንዴ?" አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ሦስቱም በእግራቸው እስከ ሽሮ ሜዳ ወርደው ታክሲ ያዙ። እኔ ከቦዩ ጋር ቀረሁ።

እጮኛዬ ለ16 ቀን ስልኬን አላነሳችም። በአሥራ ሰባተኛው ቀን ራሷ ደወለችና ካፌ ተገናኘን። ደረሰኞቹን ሁሉ ይዘህ ና ብላኝ ነበር። አንድ በአንድ ደመረችው። ጋራዡ ለሸራና ለፍሬን ዘይት የጠየቀኝ 6 ሺህ ብር መሆኑንም አየች። 70 ሺህና 6 ሺህ። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ "ብሩ ይሁን። ፍሬኑን አሳይተኸው እንደሆነ ስጠይቅህ ግን እናቴን እንደምትጭን ታውቅ ነበር።" መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። እንዲያው ብቻ እውነቱን ነገርኳት፤ ሃያ ሺህ ያልኳትንም ጨምሬ።

ቸርኬውን፣ ጎማውን፣ መከላከያውንና ሙዚቃውን በኪሳራ ሸጥኩ። ትክክለኛውን ልክ አራቱንም ባንድ ጊዜ አስገባሁ። አራት ጎማ የምትነዳ ራቭ ፎር ላይ ሁለቱን አዲስ፣ ሁለቱን ያለቀ ማድረግ መሐል ላይ ያለውን ማርሽ ይጎዳዋል። ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ቢል በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። "አዲስ ነው" የሚባል የስምንት ዓመት ጎማ አይቻለሁ።

እሷ ደግሞ ደብተር ገዛች። ክሩስኮቱ ኪስ ውስጥ አለ እስከ ዛሬ። ዘይትና ፊልትሮ በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትር፤ አቧራችንን ታውቁታላችሁ። የአየር ፊልትሮ ከዚያ ቀድሞ ይታያል። የፍሬን ዘይት በየሁለት ዓመቱ። ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውኃ አይገባም፤ ዝገት ከማምጣቱም ሌላ እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ኩላንቱም ግፊቱን የሚይዘው ክዳንም ደህና መሆን አለባቸው። የጎማ ነፋስ በጠዋት፣ ሳይሞቅ ይለካል፤ ልኩ ሾፌሩ በር ሥር ተጽፏል። ላቫጆ ላይ ሞተሩን በናፍጣ ልጠብልህ የሚል ልጅ ሲመጣ "የኔ ወንድም፣ ተወው" እላለሁ፤ ናፍጣ የሞተሩን ጎማና ሽቦ ይበላል። ከሥሯ ያለውን የክረምት ጭቃ ግን በደንብ ያስለቅቅልኝ።

ጌጥ ጨርሶ አያስፈልግም አልልም። የኔዋ ዛሬ የጎማ ምንጣፍ አላት (አንዱን ብቻ፤ ሁለት ከተደራረበ ተንሸራትቶ ፔዳል ሥር ይገባል)፣ ክሪክ፣ ሦስት ማዕዘን፣ የእሳት ማጥፊያ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን። ስኮርቱ ላይ ቁልፍ ያለው ቡሎን፣ ስፖኪዮዎቹ ላይ የሰሌዳ ቁጥሯ ተጽፎባቸዋል። ሌባው ቁጥር ያለበትን መስታወት ለመሸጥ ይቸገራል።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያሉትን አሮጌዎች መንከባከብ የግድ ሆኗል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱትን የገዛችሁም ብትሆኑ እኔን አትርሱኝ። ባትሪያቸው ከሆዳቸው ሥር ነውና ድንጋይ ላይ አትጫወቱባቸው፤ ዘይት ባይቀይሩም የፍሬን ዘይት አላቸው። የሥራ ባልደረባዬ "ይሄ ዘመናዊ ነው፣ ምንም አይነካውም" ሲለኝ ፓውዛዎቼ ትዝ ይሉኛል።

ባለፈው ወር እማማ እንጦጦ ውሰዱኝ አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። መሪውን የያዘችው ሚስቴ ናት፣ እኔ ከኋላ። መመለሻ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሊጀምር ሲል፣ እማማ ቀበቷቸውን ነካ ነካ አድርገው ወደ ማርሹ ጎንበስ አሉ።

"ስንተኛ ላይ ነው?"

"ሁለተኛ፣ እማዬ።"

"በይ ሂጂ" አሉ።