ያፎ ገበያ የወረድን ዕለት

ኡልፓን በሌለበት አንድ ቀን ከመርካዝ ክሊታው ጥቂት እናቶችና አባቶች ይዘን ያፎ ወደሚገኘው ሹክ ሃፒሽፔሺም ሄደን ነበር። ፒሽፔሽ በዕብራይስጥ ትኋን ማለት መሆኑን ስንነግራቸው እናቶች ሳቁ፤ «እሱን ሽሽት መጥተን ደግሞ ገበያው ልትወስዱን ነው?» አሉን። መንገዱ ቀላል ነው። በሱልጣን አብዱል ሐሚድ ዘመን ከተሠራው የሰዓት ማማ ጥቂት እንደተራመዱ ይደርሳሉ። ከገበያው መንገዶች አንዱ ኦሌይ ጺዮን ይባላል፤ ወደ ጽዮን የወጡ ማለት ነው። ቅዳሜ ገበያው ዝግ ስለሆነ በሌላ ቀን ሂዱ።

መሬት ላይ በተነጠፈ ብርድ ልብስ የማይገኝ የለም፤ የናስ ሐኑኪያ፣ የብር ጽዋ፣ ከቤት የወጣ የጌጥ ዕቃ ሁሉ። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ጠረጴዛ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ሜዳልያዎች አየን። እ.ኤ.አ. በ1958 የተቋቋመው የመንግሥት የሳንቲምና የሜዳልያ ኩባንያ የሸጣቸው ናቸው። ራቁቱን የተቀመጠውን 40 ሸኬል አለን። በሳጥኑ ውስጥ ከነወረቀቱ ያለውን ግን 90። ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ አባት «ካርቶን ነው እንዴ የምንገዛው?» ብለው ተቆጡ።

ነጋዴው አልተቀየመም። ሳጥኑን ከፍቶ አሳየን። ሜዳልያው ከተሠራ ጀምሮ እጅ እንዳልበዛበት፣ እንዳልተፋቀ፣ ማን እንዳወጣው የሚመሰክረው ሳጥኑና ወረቀቱ ነው። ሰው ዕቃውን ያስቀምጣል፤ ሳጥኑን ይጥላል። ስለዚህ ዓመታት ሲያልፉ ከዕቃው ይልቅ ሳጥኑ ይጠፋል። ሰብሳቢዎች የሚከፍሉት ለዚህ ነው። ሳጥኑንም እንደ ዕቃው ይመረምሩታል፦ ክዳኑ ይገጥማል ወይ? ጥጉ ተቀዷል? ፀሐይ አደብዝዞታል? እርጥበት ይሸታል? የተቀደደ ሳጥን ዋጋ ይቀንሳል፤ ሆኖም ከምንም ይሻላል። በፕላስተር የተለጠፈ ግን ከተቀደደውም የባሰ ሊሆን ይችላል፤ ፕላስተሩ ሲነሣ ቀለሙን ይዞ ይነሣልና። ደግሞ የሌላ ዕቃ ሳጥን አምጥቶ የሚያለብስ ተንኮለኛ አይጠፋም። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ከዕቃው ጋር መስማማቱን እዩ።

ይህን ስንሰማ እኛ ሶሲያሊቶቹ እርስ በርሳችን ተያየን። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ወደ ቋሚ ቤታቸው ሲገቡ ዕቃ ያስተካከልንላቸው እኛ ነበርን። ከወለቃ የመጣች፣ እንስራ ያዘለች ሴት የምታሳይ ትንሽ የሸክላ ምስል ነበረቻቸው፤ እናታቸው የሠሯት። አሮጌ ነጠላ ቅዳጅ ተጠቅልላ፣ በቅዳጁ ውስጥ አንድ የተማረ ዘመድ የሠሪዋን ስምና የመንደሩን ስም የጻፈበት ወረቀት ነበር። እኛ ለንጽሕና ብለን ጨርቁን ከነወረቀቱ ጣልነው። ምስሏን በአዲስ ፕላስቲክ ጠቀለልናት። እናቲቱ አይተው ዝም አሉ። ያን ጊዜ ዝምታቸውን እሺታ መስሎን ነበር።

ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች መንደር ናት። ሴቶቻችን ሸክላ፣ ወንዶቻችን ብረት ይሠሩባት ነበር። ለቱሪስት የሚሸጡት ምስሎች ስሟን በዓለም አስጠሩት። ቤተ እስራኤል ከወጡ በኋላም ጎረቤቶቻቸው ተመሳሳይ ምስል እየሠሩ ሸጠዋል። ታዲያ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የማን እጅ እንደሠራው በምን ይለያል? እ.ኤ.አ. በግንቦት 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ከ14,000 በላይ ወገን በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲመጣ አብዛኛው ባዶ እጁን ነበር። የተረፈው ዕቃ ጥቂት ነው።

ከዚህ በተረፈ ነጋዴው የነገረንንና ከሥራችን ያየነውን እንጨምር። የወለቃ ሸክላ በሜዳ እሳት የተተኮሰ ስለሆነ ውኃ ይጠጣል፤ አትጠቡት፣ በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ብቻ አቧራውን አራግፉ። ብርን በላስቲክ አትሰሩ፣ ያጠቁረዋል። ጋዜጣ ቀለሙን ያስተላልፋል። ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል። የመጣበትን መጠቅለያ ግን፣ ቢያረጅም፣ ለብቻው አስቀምጡት።

በሳምንቱ እናቲቱ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ቡና አፈሉልን። ምስሏ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆማ ነበር። የእናታቸውን ስም፣ መንደሩን፣ ጭቃው ከየት እንደሚቆፈር እሳቸው እየተናገሩ፣ ልጃቸው በአማርኛና በዕብራይስጥ ጻፈች። አሮጌ ለማስመሰል አልሞከርንም፤ የዛሬውን ቀን ከታች አሰፈርን። ልጅቱ «ኢማ፣ አሁን ስንት ታወጣለች?» ብትላቸው፣ «ማን ሊሸጣት?» አሉና ወረቀቱን አጥፈው ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።