«ደህና ነኝ» ያሉት አባቴ

እናንተዬ፣ ዛሬ ምክር ብቻ አይደለም የያዝኩት፤ ኑዛዜም አለበት።

አባባ 67 ዓመታቸው ነው። ደም ግፊት እንዳለባቸው ከተነገራቸው ቆይቷል። አንድ ቀን ክኒናቸው አለቀና ገንዘብ ሰጥተው «ግዛልኝ» አሉኝ። እኔ ሆዬ ነገ ዛሬ ስል ገንዘቡን ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ጠጣሁበት። በሳምንቱ «ተወው በቃ፣ ራሴንም አላመመኝ፣ ደህና ነኝ» ሲሉኝ ምን ልበላችሁ... ገላገሉኝ ነው ያልኩት!

ወራት አለፉ። አንድ ጠዋት ሸሚዛቸውን ሊቆልፉ ሲሉ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ስሜን ሊጠሩ ሞከሩ፤ ምላሳቸው ተሳሰረ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ግማሹ «መጋኛ ነው» ሲል ግማሹ «ምች ነው፣ ዳማከሴ ጨምቁላቸው» አለ። በዚህ ክርክር ሁለት ሰዓት አቃጠልን።

ስትሮክ ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። ዋናው ጠንቅ ደም ግፊት ሲሆን፣ ተንኮሉ አለማሳመሙ ነው። ሰውየው «ደህና ነኝ» እያለ ሥሩ ከውስጥ ይጎዳል። አባባ ደግሞ ስኳር ጀማምሯቸዋል። ሲጋራ ያጨሳሉ። ወጥ ሳይቀምሱ ጨው ይነሰንሳሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከወንበራቸው አይነሱም። ዕድሜው ራሱ ሥርን ያደድራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? እነዚህም አብረው አንበሳውን አባቴን አሰሯቸው።

እናንተም ቤት «ደህና ነኝ» የሚሉ አባት ወይም እናት ይኖራሉ። ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ግፊታቸውንና ስኳራቸውን አስለኩ። ግፊቱ ደጋግሞ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይየው። የታዘዘ ክኒን ያለ ሐኪም ፈቃድ አይቋረጥም። የዓለም ጤና ድርጅት ጨው በቀን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ፊት ከተጣመመ፣ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ደግሞ ዳማከሴ ፍለጋ አትሂዱ። በአፍ ምንም ሳትሰጡ ወዲያው ሆስፒታል ሩጡ!

አባባ ዛሬ በከዘራ ይራመዳሉ። ሸሚዛቸውን የምቆልፍላቸው እኔ ነኝ፤ ክኒናቸውንም የምገዛው እኔው። አንዳንዴ በዚያ በተኮላተፈ አንደበታቸው «ደህና ነኝ እኮ» ይሉኛል።

«ስለሚውጡት ነዋ አባባ!» እላቸዋለሁ።