ከእንጦጦ የሚወርደው ፌስታል

ቅዳሜና እሑድ እንጦጦ የምትወጡ ወዳጆቼ፣ ሰው ከተነሣ በኋላ ሣሩ ላይ የሚቀረውን እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ሃይላንዱ ብዙ አይቆይም፤ በኪሎ የሚሸጡ ልጆች ማዳበሪያ ይዘው መጥተው ይለቅሙታል። የሚቀረው ማንም የማይገዛው ነው፦ ስስ ጥቁር ፌስታል፣ የብስኩት ላስቲክ፣ ሶፍት። ጽዱ ሥር ግማሹ አፈር ገብቶ ታገኙታላችሁ። ስትስቡት ይበጣጠሳል እንጂ አይወጣም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የቦታው ውበት መበላሸቱ ብቻ አይደለም። እንጦጦ የከተማችን የአዲስ አበባ ራስጌ ነው። የቀበናም የቀጨኔም ወንዝ የሚነሡት ከዚያ ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፉ የተውነውን ሁሉ ጠራርጎ ያወርደዋል፤ ወንዝ ዳር የሚኖረው የጉለሌ ሰው ያልጣለውን ቆሻሻ ደጁ ላይ ያገኘዋል። ከዚያ አቃቂ ወንዝ፣ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ አፋር ምድር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የጣልነው ከአገር አይወጣም ማለት ነው። በአቃቂ ውኃ የለማውን ጎመንና ሰላጣም የምንበላው እኛው ነን።

ሕግ ጠፍቶ አይደለም። ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 513 ታግዶ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ግን ጫካ ውስጥ፣ ከዛፍ ጀርባ፣ ማን ቆሞ ይጠብቀናል?

ማንም ሳይጠብቀን የሚሠራ መንገድ ግን አለ። የመስታወት የለስላሳ ጠርሙስ ሜዳ ላይ ተጥሎ የምናየው ከስንት አንዴ ነው። ባለሱቁ መያዣ ስለሚቀበልበት ነዋ! ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ይህንኑ ለፕላስቲክ ጠርሙስም በሕግ አደረጉት፤ 25 የዩሮ ሳንቲም ያስይዛሉ፣ ባዶውን ሲመልሱ ገንዘባቸውን ይቀበላሉ።

እኛም ይህን ማድረግ አያቅተንም። እዚያው እንጦጦ ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በር አለው፣ ጠባቂ አለው። ስንገባ የያዝነው እሽግ ሁሉ ይቆጠር፤ ብስኩቱም፣ ውኃውም። ጥቂት ብር እናስይዝ። ስንወጣ ባዶውን አሳይተን ብራችንን እንውሰድ። ባሕር ዛፉ እየተነሣ አገር በቀሉ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ በሚተከልበት ግቢ ይህ ቢጀመር ደስ ይለኛል፤ ተማሪዎች ለጉብኝት የሚመጡትም ወደዚያው ነውና። የማዕከሉ ኃላፊዎች፣ ይህ ጽሑፍ ከደረሳችሁ በአንድ ቅዳሜ ሞክሩትና ማታ ሣሩን እዩት።