ስለ አውታር ድምፅና ዝምታ

ደጋን የአደን መሣሪያ፥ በገና የምስጋና ዕቃ ቢባሉም ሕይወታቸው አንድ ነው፤ እርሱም የተወጠረ አውታር ነው። እኔም በጌዴኦ ምድር፥ በባንኮ ጎቲቲ፥ በእንሰትና በቡና መካከል ስኖር በገናዬን በቃኘሁ ቍጥር ሁለቱን አነጻጽራለሁ።

ፍላጻ ከደጋን ሲወጣ ኃይሉን ሁሉ ይዞ አይሄድም፤ የቀረው በአውታሩ ላይ እየተንቀጠቀጠ ይጮኻል። ፍላጻው በአንድ ሴኮንድ 50 ሜትር ያህል ሲሄድ ድምፅ ግን 340 ሜትር ያህል ይሮጣልና፥ አውሬው አስቀድሞ ሰምቶ ይደነብራል። ስለዚህ ብልህ አዳኝ ከአውታሩ ከላይና ከታች ጫፍ ሩብ ያህል ገባ ብሎ የበግ ጠጕር ወይም ጠጕራም ቍርበት ያስራል፤ ይህም ንዝረቱን ውጦ ጩኸቱን ያለዝባል። ነገር ግን ከመጠን ካለፈ አውታሩን አክብዶ የፍላጻውን ፍጥነት ይቀንሳል።

በበገና ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ከበግ አንጀት በተፈተሉት 10 አውታሮችና በበርኩማው መካከል እንዚራ የሚባል ቍራጭ ቍርበት ይገባል፤ አውታሩም እርሱን እየነካ ያን የሚያስተክዝ ነዛሪ ድምፅ ይሰጣል። እንዚራው ከቦታው ከተናወጠ ንዝረቱ ይጠፋል።

እንግዲህ አንዱ ቍርበት ዝም ያሰኛል፥ ሌላው ያናግራል። ሰሙ ይህ ነው፤ ወርቁን ግን በሽምግልና ስቀመጥ አገኘሁት። የተቀየመውን ሰው ሳይሰማ የሚገሥጽ ሽማግሌ እንደሚጮኽ ደጋን ዕርቁን ያባርራል፤ ለተበደለው መናገር ሲገባው ዝም የሚል ደግሞ እንዚራ የሌለው በገና ነው።