ደብዳቤው ላይ የማን ፊርማ አለ?

በቆላው አገር ከተሞች ሰው የሚሰበሰብበት ጉዳይ ሲኖር ሥራው በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ድንኳኑን ከዕድር የምታስመጣው፣ ወንበሩን ከየጎረቤቱ የምትለቅመው፣ ውኃውን በጀሪካን የምታስሞላው፣ ለቡና ቀላው ቅቤ የምታቀልጠው ሴት ናት። ወደ ቀበሌ ወይም ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚሄደውን ደብዳቤ ገልጣችሁ ግርጌውን ብትመለከቱ ግን የምታገኙት የአቶ እገሌን ፊርማ ነው። «ወረቀት አይደለም ወይ፤ ማንም ቢፈርመው ምን ቸገረን?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እስቲ የሚከተለውን ስሙኝና ፍረዱ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ ነገሌ ቦረናና ከዚያም ወዲያ ወዳሉት የቆላ ከተሞች ወርጄ ነበር። ከእነዚህ በአንደኛው፣ ስሙን ባልጠቅሰው ይሻላል፣ በቁጠባ ማኅበር የተሰባሰቡ እናቶችን አገኘሁ። የአንዷ ልጅ፣ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠልፋለች። የጠላፊው ወገን ሽማግሌ ልኮ፣ ከብት ቆጥሮ ነገሩን ለማብረድ ይሯሯጣል። ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ነፃ ያወጣው የነበረው የቀድሞው ሕግ በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ተሽሯል፤ ሆኖም የሕጉ መሻር በየሽምግልናው ጥላ ሥር ገና ያልተሰማ ይመስላል። እናቶቹም «ጉዳዩ በሕግ ይታይልን» ብለው እስከ ወረዳው ፍርድ ቤት በሰልፍ ለመሄድ ቆርጠው ተነሡ።

ደብዳቤውን የጻፈላቸው የአንዷ አባል ባል ነው። «ፈቃድ ይሰጠን ዘንድ በትሕትና እናመለክታለን» ይላል፤ ከሥሩ የእርሱ ስምና ፊርማ አለ። መዝገብ ቤት ሲቀርብ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው ተባለ። በማግሥቱ ለፖሊስ ግልባጭ ይደረግ ተባለ። በሦስተኛው ቀን ከሌላ መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ ተባለ። ይህ ሁሉ ሲሆን ወረቀቱ ገቢ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፤ ቁጥርም ቀንም አልነበረውም። ሰውየው ደግሞ ከጠላፊው ወገን ጋር በጋብቻ የሚዛመድ ኖሮ፣ ሽማግሌዎቹ ጠርተው «አገር የምታሳድመው አንተ ነህ ወይ?» አሉት። ሄዶ ደብዳቤውን መልሶ ወሰደ። ፊርማው የእርሱ ነውና ለምን ሊለው የሚችል አልተገኘም። አርባ የሚያህሉ ሴቶች ቂጣ ጋግረው፣ ሕፃናቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው ሳለ ነገሩ በአንድ ሰው እጅ ቀረ። ልጅቱም ከተወሰደችበት አልተመለሰችም።

ሴቶቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲሰበሰቡ እኔም አብሬ ተቀምጬ ነበር። አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ዘወር ብለው፣ «ልጄ፣ ሲንቄዬን ይዤ ብወጣ ማንን አስፈቅዳለሁ?» አሉኝ። ለማታውቁት አንባቢያን ልንገራችሁ፤ ሲንቄ ለኦሮሞ ሴት በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትሰጣት በትር ናት። በደል የደረሰባት ሴት ሲንቄዋን ይዛ ስትጮኽ የሰሙት ሁሉ ሥራቸውን ጥለው ይወጣሉ። በተጣሉ ወንዶች መካከል ሲንቄ የያዙ ሴቶች ከቆሙም ጠቡ ይበርዳል። የስብሰባ ሥርዓት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ቦረናዎች በየ8 ዓመቱ በጉሚ ጋዮ ተሰብስበው ሕጋቸውን ሲመክሩ የኖሩ ናቸው፤ የገዳ ሥርዓትም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ለእኚህ እናት ጥያቄ መልስ መስጠት ቀላል አልነበረም። በመንደር ሲንቄዋ ይበቃል፤ በከተማ አስፋልት ላይ ግን መኪናም ፖሊስም አለና ወረቀት ይፈለጋል።

ወረቀቱ ግን ምን ዓይነት ወረቀት ነው? ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉልኝ። በ1983 ዓ.ም. የወጣው የሰላማዊ ሰልፍና የሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፍ አድራጊው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል። ያሳውቅ ነው የሚለው፤ ለምኖ ያስፈቅድ አይልም። በደብዳቤው ላይ የሰልፉ ዓላማ፣ ቦታውና የሚያልፍበት መንገድ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የሚገመተው የሰው ብዛት፣ ከመንግሥት የሚፈለገው ርዳታ፣ የአዘጋጆቹም ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይሰፍራል። የተቀበለው መሥሪያ ቤት ሌላ ጊዜ ወይም ሌላ ቦታ ይሻላል ብሎ ካመነ፣ ደብዳቤው በደረሰው በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። በየትኛውም ጊዜና ቦታ አይደረግም ብሎ ጨርሶ መከልከል አይችልም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 30 ላይም መሣሪያ ሳይዙ በሰላም የመሰብሰብ፣ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት ተጽፏል። እንግዲህ «በትሕትና እናመለክታለን» የሚለው ቃል ለጨዋነት ያህል ቢሆን እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም። ሠርግና ለቅሶ የዚህ አዋጅ ጉዳይ አይደሉም፤ ለሠርግ ድንኳን መንገድ መዝጋት የየከተማው አሠራር ነውና ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ።

የቦታው ነገር ብዙ ያነጋግራል። ከአብያተ ክርስቲያናት፣ ከመስጊዶች፣ ከሆስፒታሎችና ከመካነ መቃብር በ100 ሜትር ክልል ውስጥ፣ በገበያ ቀንም በገበያ ቦታ ሰልፍ አይደረግም። ከጦር ሠፈር የሚፈለገው ርቀት 500 ሜትር ነው። በወረቀት ላይ ቀና ይመስላል። ነገር ግን በቆላው ከተማ የገጠር ሴት ወተቷን ተሸክማ የምትመጣው በገበያ ቀን ነው፤ ሰፊው ሜዳም ያው የገበያው ሜዳ ነው። ሴቶች በብዛት የሚገናኙበት ቀንና ቦታ ከሕጉ ክልከላ ጋር ገጠመ ማለት ነው። አዋጁን የጻፉት ሰዎች ወተት ሻጭ አማክረው ይሆን እላለሁ።

የጦር ሠፈር ሲነሣ ነገሌን የሚያውቅ ሁሉ የ1966 ዓ.ም. ጥርን ማስታወሱ አይቀርም። የአራተኛው ብርጌድ ወታደሮች በምግቡና በውኃው ተማርረው አዛዦቻቸውን ያዙ፤ ከአዲስ አበባ የተላኩትንም ጄኔራል እነርሱ የሚበሉትን አብልተው፣ የሚጠጡትን አጠጥተው አሳዩዋቸው። ይህ በየታሪክ መጽሐፉ ተጽፏል። በዚያው ወራት በዚያው ከተማ እንስራ ተሸክመው ይመላለሱ የነበሩት ሴቶች ምን ይጠጡ እንደነበረ የጻፈ ግን አላየሁም።

ወደ ሞያሌ ብትወርዱ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በአንዲቷ ከተማ የኦሮሚያና የሶማሌ ክልሎች እያንዳንዳቸው አስተዳደር ስላላቸው ሰልፉ የሚያልፍበትን መንገድ ሳያዩ ደብዳቤውን ለማን እንደሚያደርሱ መወሰን አይቻልም። ድንበሩን ተሻግረው በኬንያዋ ሞያሌ ቢሰበሰቡም ሕጉ ይለያል፤ እዚያ ማስታወቂያው ለፖሊስ የሚቀርበው ከ3 ቀን ባላነሰ፣ ከ14 ቀንም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። ዘመድ ወዲያና ወዲህ ሆኖ ሳለ ለአንዱ 48 ሰዓት ይበቃል፣ ለሌላው 3 ቀን ያስፈልጋል።

ወደ እናቶቹ ልመለስ። ሁለተኛውን ደብዳቤ ራሳቸው ጻፉት። የፈረሙት 11 ሴቶች ሲሆኑ ከእነርሱ ሦስቱ በጣት አሻራ ነው። አንዷን በዘመድ፣ ሌላዋን በባል ቢያስፈራሩ የቀሩት ይጸናሉ ብለው ነው ቁጥሩን ያበዙት። ያቺ የጣት ምልክት አገር የምታህል መስላ ታየችኝ። ሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን ለመዝገብ ቤት ሰጡ፤ ሌላው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም እንዲደረግላቸው ጠየቁ። ገንዘብ ያዥዋ «ሰዓቱንም ጻፍልን» አለች። መዝገብ ያዡ ቀና ብሎ አያትና «የሰዓት ልማድ የለንም» አለ። «12 ሰዓቱን ከየት ጀምረን እንቁጠር ታዲያ?» አለችው። ከጧቱ 3 ሰዓት ከ20 ብሎ ጻፈ።

እኔ በዚያው ቀን ወደ ሌላ ከተማ ስለሄድኩ የቀረውን የነገሩኝ በስልክ ነው። መልሱ በማግሥቱ ማለዳ በጽሑፍ መጣ፤ 12 ሰዓቱ አልፎ ነበር። መንገዱ በመስጊዱ አጠገብ ስለሚያልፍ በስተጀርባ ባለው ጎዳና ይሁን ይላል። ሴቶቹም በተባለው ጎዳና፣ ከገበያ ቀን ውጪ በሆነ ቀን ሄዱ። እኚያ እናት ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ፤ ማንም ለምን ያዙ አላላቸውም። ፖሊስ ልጅቱን ለእናቷ ያስረከበው ከሰልፉ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ነው። የዓመቱ ፈተና ግን አልፏት ነበር።